እውነተኛው «ኳንተም ማግኔቲክ ሬዞናንስ» እንዴት ይሠራል?

በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ «ኳንተም ማግኔቲክ ሬዞናንስ አናላይዘር» የሚባል አነስተኛ ሳጥን ይሸጣል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ከሳጥኑ ጋር የተያያዘውን የብረት ዘንግ ጨብጦ አንድ ደቂቃ ያህል መቆየት ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ስለ ጉበት፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ አጥንትና ስለ ቫይታሚን ገጽ በገጽ ሪፖርት ያወጣል።

ሌላ ዜና ደግሞ አለ። በ2025 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ፣ አንድ ብርሃን ሰጪ ፕሮቲንን እንደ ኪውቢት (የኳንተም ኮምፒውተር የሚገነባበት መሠረታዊ አሃድ) መጠቀም እንደቻሉ ጻፉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዓመቱ ራሱ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ተብሎ የተሰየመ ነበር። እንዲህ ያለ ዜና ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ «በሕዋስ ውስጥ ኳንተም ኮምፒውተር ተሠራ» ወደሚል ለመቀየር ጊዜ አይፈጅበትም።

ሳጥኑም ፕሮቲኑም የሚጠሩት በአንድ ዓይነት ቃላት ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሆነ ለመለየት፣ የአንዲት ሞለኪውል ስፒን በብርሃን የሚነበብበትን መንገድ ከሥሩ መከተል ይሻላል። ሐሳቡ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው።

## የስፒን ምልክት ለምን ይደክማል?

ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል ባሕርይ አለው። ብዙ የአቶም ኒውክሊየሶችም አላቸው። ስፒን እያንዳንዳቸውን እጅግ ትንሽ ማግኔት ያደርጋቸዋል። ይህች ማግኔት ታዲያ ያሻትን ኃይል ይዛ መቀመጥ አትችልም። የተፈቀዱላት ደረጃዎች የተቆጠሩ ናቸው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሻገር ልኩን ያላለፈና ያልጎደለ ኃይል ያስፈልጋታል። ኃይሉ የሚሰጣት በሬዲዮ ወይም በማይክሮዌቭ ሞገድ ነው። የሞገዱ ድግግሞሽ ከደረጃዎቹ ልዩነት ጋር ሲገጥም ሽግግሩ ይካሄዳል። ማግኔቲክ ሬዞናንስ ማለት ይኸው ነው።

በኤሌክትሮን ላይ የሚታየውን ዓይነት ዬቭጌኒ ዛቮይስኪ በ1944 በካዛን አገኘው። በኒውክሊየስ ላይ የሚታየውን ደግሞ የፌሊክስ ብሎክና የኤድዋርድ ፐርሰል ቡድኖች በ1946 በፈሳሽና በጠጣር ነገሮች ውስጥ አሳዩ። የሆስፒታሉ ኤምአርአይ የተወለደው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

ችግሩ ምልክቱ በጣም ደካማ መሆኑ ነው። 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት ያለውን የተለመደ ኤምአርአይ እንውሰድ። ያን ያህል ማግኔት ተጠቅሞም፣ ከአንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች ውስጥ ወደ አንዱ አቅጣጫ ያደላው ትርፍ 5 ያህል ብቻ ነው። የቀሩት እርስ በርስ ይጣፋሉ። ኤምአርአይ የሚሳካለት ሰውነታችን በውኃ የተሞላ ስለሆነ፣ ሃይድሮጅኑም ተቆጥሮ የማያልቅ ስለሆነ ነው። የአንዲት ሞለኪውልን ምልክት በዚያ መንገድ እይዛለሁ ማለት ግን ከንቱ ድካም ነው።

## ማይክሮዌቩን ትቶ ብርሃኑን መቁጠር

መውጫው የተገኘው በፍሎረሰንስ በኩል ነው። ፍሎረሰንስ ማለት አንድ ነገር ብርሃን ውጦ፣ ብዙውን ጊዜ በናኖሰከንዶች ውስጥ፣ ኃይሉ ትንሽ ያነሰ ብርሃን መልሶ ሲሰጥ ነው። የገንዘብ ኖት በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲያዝ ቦግ የሚለው ቀለም በዚህ መንገድ ነው የሚያበራው።

አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ ምን ያህል ኃይል እንደምትሸከም ማነጻጸር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከታች የምናየው ሙከራ የተጠቀመበት የሚታይ ብርሃን ፎቶን፣ ከማይክሮዌቩ ፎቶን ከ300 ሺህ እጥፍ በላይ ኃይል አለው። ደካማው ማይክሮዌቭ በሙቀት ትርምስ ውስጥ ይጠፋል። የሚታየውን ብርሃን ግን ዛሬ ያሉ መሣሪያዎች ፎቶን በፎቶን ይቆጥሩታል።

ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ። ስፒኑ የዋጠውን ማይክሮዌቭ ከመፈለግ ይልቅ፣ ስፒኑ ደረጃ ሲቀይር ብርሃኑ አብሮ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ሞለኪውል ቢገኝስ? ማይክሮዌቩ ሥራውን ይሥራ። እኛ የምናየው ብርሃኑን ብቻ ነው። ይህ አሠራር በብርሃን የሚነበብ ማግኔቲክ ሬዞናንስ ይባላል። እልፍ አእላፍ ሞለኪውሎች ባሉበት ናሙና ላይ ከድሮም ይሠራበት ነበር። ከባዱ ነገር ወደ አንድ መውረድ ነበር።

በቅድሚያ አንዷን ሞለኪውል ማየት ያስፈልግ ነበር። በ1989 በካሊፎርኒያ፣ በአይቢኤም የአልማደን ምርምር ማዕከል፣ ደብሊው ኢ ሞርነር እና ሎታር ካዶር ፔንታሲን የተባለች አንዲት ሞለኪውል የዋጠችውን ብርሃን ለኩ። በ1990 ሚሼል ኦሪት እና ዣኪ በርናር በፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ ያችኑ የሞለኪውል ዓይነት በፍሎረሰንስ አዩዋት። ምልክቱ በጣም ጠራ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ሞርነር በ2014 ከኤሪክ ቤትዚግና ከስቴፋን ሄል ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል።

በ1993 ደግሞ «ኔቸር» በአንድ እትም ሁለት ጽሑፎች አወጣ። አንዱ ከሆላንድ የላይደን ቡድን ከሞርነር ጋር በመሆን የሠራው ነው። ሌላው የጀርመንና የቦርዶ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ነው። ሁለቱም የአንዲት ፔንታሲንን ማግኔቲክ ሬዞናንስ አንብበዋል።

## በአንዲት ፔንታሲን ውስጥ

ፔንታሲን አምስት ቀለበቶች ተያይዘው የሠሯት ጠፍጣፋ ሞለኪውል ናት። 22 ካርቦንና 14 ሃይድሮጅን አላት። በሙከራው ውስጥ ፓራ-ተርፌኒል በሚባል ክሪስታል መሐል፣ በጣም ተራርቀው፣ ጥቂት ፔንታሲኖች ይቀመጣሉ። ክሪስታሉ በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛል። ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከሁሉ ዝቅተኛው ሙቀት፣ የሚበልጠው በ2 ዲግሪ ገደማ ነው።

ቅዝቃዜው ለቅንጦት አይደለም። በዚያ ቅዝቃዜ እያንዳንዷ ሞለኪውል የምትውጠው ቀለም እጅግ ጠባብ ይሆናል። ደግሞም ክሪስታሉ በየቦታው ፍጹም አንድ ዓይነት ስላልሆነ የአንዷ ቀለም ከሌላዋ በጥቂቱ ይለያል። ሌዘሩን 592 ናኖሜትር አካባቢ በጥንቃቄ ማስተካከል አንዷን ብቻ መርጦ ለመጥራት ያስችላል።

የተመረጠችው ሞለኪውል ብርሃን ትውጣለች፣ መልሳ ትሰጣለች፣ እንደገና ትውጣለች። አልፎ አልፎ ግን ከዚህ ዙር ትወጣና ትሪፕሌት ወደሚባል ሁኔታ ትገባለች። ትሪፕሌት የሁለት ኤሌክትሮኖቿ ስፒን የሚገጥምበት ሁኔታ ነው። እዚያ እስካለች ድረስ ጨለማ ናት።

ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ትሪፕሌቱ ሦስት ንዑስ ደረጃዎች አሉት። ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። ሁለቱ በአሥር ቤት በሚቆጠሩ ማይክሮሰከንዶች ውስጥ ሞለኪውሏን ይለቋታል። ሦስተኛው ይዞ ያቆያታል። በተፈጥሮዋ በአብዛኛው የምትገባው ቶሎ ወደሚለቁት ነው። ስለዚህ ጨለማው አጭር ነው፣ ወዲያው ማብራቷን ትቀጥላለች።

አሁን ማይክሮዌቭ ይጨመር፣ ድግግሞሹም ቀስ በቀስ ይቀየር። ወደ 1480 ሜጋኸርዝ ሲቃረብ ሞለኪውሏን ከፈጣኑ ደረጃ ወደ ዘገምተኛው ያሻግራታል። ጨለማው ይረዝማል። በፎቶን ቆጣሪው ላይ የሚታየው ቁጥር ዝቅ ይላል። ድግግሞሹ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ቁጥሩ ይመለሳል። 1360 ሜጋኸርዝ አካባቢም እንዲሁ ሌላ መቀነስ አለ። በቃ፣ ሙከራው ይኸው ነው። ማይክሮዌቩን ማንም አልለካውም። የስፒኑ ሽግግር የታወቀው ብርሃኑ በመቀነሱ ነው።

## ብዙ ሞለኪውል እያለ አንዷን መከተል ለምን?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ለብዙ ሥራ መልሱ «አያስፈልግም» ነው። ብዙ ሞለኪውሎች አንድ ላይ ሲለኩ ምልክቱ ይጠነክራል፣ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል። ኬሚስቶችም አብዛኛውን ሥራቸውን የሚሠሩት እንደዚያ ነው።

አማካይ ግን ይደብቃል። ሰፈሮች መብራት በፈረቃ የሚያገኙበትን ወቅት እናስብ። ሌሊት ከእንጦጦ ላይ ሆኖ አዲስ አበባን የሚያይ ሰው የሚታየው ያው የማይለወጥ ወገግታ ነው። አንዱን ቤት ለይቶ የሚከታተል ግን መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ ያያል። ብዙ ሞለኪውሎች አንድ ላይ ሲለኩም ብርሃን ይታያል እንጂ ብልጭ ድርግሙ አይታይም።

በ1995 ከላይደኑ ቡድን ኮህለርና ባልደረቦቹ ያሳዩት ነገር ይህን በደንብ ያስረዳል። ከተፈጥሮ ካርቦን 1.1 በመቶው ካርቦን-13 ነው። ከተለመደው ካርቦን-12 የሚለየው ኒውክሊየሱ ስፒን ያለው መሆኑ ነው። 22 ካርቦን ካላቸው ፔንታሲኖች ውስጥ ታዲያ፣ በሒሳቡ፣ ከአምስቱ አንዷ ያህል ቢያንስ አንድ ካርቦን-13 አላት። በጅምላ ልኬት እነዚህ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው መስመሩን ያደበዝዙታል። ተመራማሪዎቹ ግን ካርቦን-13 ያላትን አንዲት ሞለኪውል መርጠው ለኩ። የአንድ ኒውክሊየስ ስፒን ሬዞናንሱን ሲከፍለው ታየ። በክሪስታል ውስጥ በተቀበረች አንዲት ሞለኪውል ውስጥ የአንዲት አቶም ኒውክሊየስ ያሳደረው ለውጥ፣ በፎቶን ቆጠራ ተነበበ ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚያስደንቀው ክፍል ይህ ነው።

በ2023 የሬገንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደዚያችው ፔንታሲን በሌላ በር ገብተዋል። ብርሃንን ሳይሆን የአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕን ስል ጫፍ ተጠቅመው የአንዲት ሞለኪውልን የኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስ አንብበዋል። በኢሶቶፕ፣ ማለትም ንጥረ ነገራቸው አንድ ሆኖ ክብደታቸው በሚለያይ አቶሞች፣ ብቻ የሚለያዩ ሞለኪውሎችንም መለየት ችለዋል።

## ዝላይ አለ ወይስ የለም?

«ኳንተም ዝላይ» የሚለው አባባል በፖለቲከኞች ንግግር ውስጥ ትልቅ ለውጥ ማለት ሆኗል። በፊዚክስ ውስጥ ግን ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላ የሚደረግ፣ ብዙውን ጊዜ እጅግ ትንሽ የሆነ ሽግግር ነው። ሽግግሩ በእርግጥ ድንገተኛ መሆኑ ራሱ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል።

ከኳንተም ፊዚክስ መሥራቾች አንዱ ኒልስ ቦር ዝላዩን ተቀብሎት ነበር። ሌላው መሥራች ኤርቪን ሽሮዲንገር ግን አልተዋጠለትም። በ1952 በጻፈው ጽሑፍ፣ በአንድ ኤሌክትሮን፣ በአንድ አቶም ወይም በአንዲት ትንሽ ሞለኪውል ብቻ ሙከራ አድርገን አናውቅም ሲል ተከራከረ። በዘመኑ እውነቱን ነበር።

በ1986 ግን ሦስት ቡድኖች አንድን አዮን (ኤሌክትሪክ ሙላት ያለው አቶም) ብቻ ይዘው፣ ብርሃኑ ድንገት ሲጠፋና ሲመለስ ቀረጹ። በ1995 ደግሞ ባሼ፣ ኩመርና ብሮይክሌ ቴሪሊን በተባለች አንዲት ሞለኪውል ላይ ተመሳሳዩን አሳዩ። ትሪፕሌት ስትገባ ፍሎረሰንሱ ጥፍት፣ ስትወጣ ብልጭ ይላል። መካከለኛ ነገር የለም።

ሽሮዲንገር ተሸነፈ ማለት ነው? ብዙዎች እንዲያ ብለው ነበር። በ2019 የዬል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነገሩን አለሳለሰው። ከሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ መሰናክል ከሚያሳልፍ ነገር) በተሠራ ሰው ሰራሽ አቶም ላይ ሠርተው ሁለት ነገር አሳዩ። ዝላዩ መቼ እንደሚጀምር በረጅሙ መተንበይ አይቻልም። ከጀመረ በኋላ ግን የሚሄድበት መንገድ ያልተቆረጠ ነው፣ መሐል ላይ ይዞ መመለስም ይቻላል። ስለዚህ ፎቶን ቆጣሪው ላይ የምናየው ጥፍት-ብልጭ፣ መሣሪያው ከሽግግሩ ይልቅ ዝግተኛ በመሆኑም ጭምር የመጣ መልክ ነው። ሁለቱም ወገን የተወሰነ እውነት ነበረው።

## ሂሊየሙን ያስቀረው አልማዝ

ፔንታሲን ድንቅ ናት፤ ግን በዚያ ቅዝቃዜ የተያዘ ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ ይቀራል። በ1997 አንድ የጀርመን ቡድን በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣው ሥራ ይህን ለወጠ። በአልማዝ ውስጥ አንዳንዴ በካርቦን ቦታ ናይትሮጅን ይገባል፣ አጠገቡ ያለው ቦታ ደግሞ ባዶ ይሆናል። ይህ ጥንድ ኤንቪ ይባላል። አረንጓዴ ሌዘር ሲበራበት ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ስፒኑ ዜሮ በሚባለው ደረጃ ላይ ሲሆን ይደምቃል፣ በሌሎቹ ላይ ሲሆን ይደክማል። ልዩነቱ እስከ 30 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ በክፍል ሙቀት ነው።

ሬዞናንሱ 2.87 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። የኩሽናው ማይክሮዌቭ ከሚሠራበት 2.45 ብዙም አይርቅም። ማግኔት ሲቀርብ ሬዞናንሱ ለሁለት ይከፈላል። መስኩ ከኤንቪው ዘንግ ጋር ከገጠመ ልዩነቱ በእያንዳንዱ ሚሊቴስላ 56 ሜጋኸርዝ ነው። በአዲስ አበባ የምድር ማግኔታዊ መስክ 0.036 ሚሊቴስላ ገደማ ስለሆነ፣ ያ ብቻውን ወደ 2 ሜጋኸርዝ የሚጠጋ መከፈል ይፈጥራል። ሙቀትም ድግግሞሹን ያንሸራትታል። በ2013 በሕያው ሕዋስ ውስጥ ሙቀት የተለካው በናኖአልማዝ፣ ማለትም እጅግ በደቀቀ የአልማዝ ቅንጣት፣ ነው።

አሁን ያን የሚሸጠውን ሳጥን በዚህ ሚዛን ማየት ይቻላል። ስፒንን በብርሃን ባነበቡት ሥራዎች ሁሉ የሚነበበው ስፒን የታወቀ ነው። ወደ አንድ ደረጃ የሚያዘጋጀው ነገር አለ። ድግግሞሹ በልኩ የሚስተካከል የማይክሮዌቭ ምንጭ አለ። ለውጡን የሚቆጥር መለኪያም አለ። ዘንግ በመጨበጥ ከእነዚህ አንዱም አይሟላም። ቢበዛ የቆዳን ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም ሊለካ ይችላል። ከዚያ ስለ ጉበት ለመናገር ግን ምንም ድልድይ የለም። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቁመትና ክብደት መጠየቁም ጥርጣሬ ያጭራል።

## የቺካጎው ፕሮቲን፣ የተሠራውና ያልተሠራው

ፕሮቲኑ በባዮሎጂ ላቦራቶሪዎች የተለመደው ቢጫ ፍሎረሰንት ፕሮቲን ነው። የዘር ግንዱ ከጄሊፊሽ ይመዘዛል። ይህም እንደ ፔንታሲን ትሪፕሌት ውስጥ ይገባል። ሰማያዊ ሌዘር ያዘጋጀዋል፣ ማይክሮዌቭ ስፒኑን ይለውጣል፣ ከዚያ ኢንፍራሬድ ሌዘር ቀስቅሶት ብርሃን እንዲሰጥ ያደርገዋል። የብርሃኑ መጠን ስፒኑ የት እንደነበር ይናገራል። ስፒኑን በሚገባ መቆጣጠር የተቻለው በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ነው። በክፍል ሙቀትም ምልክቱ ታይቷል፤ ግን በጣም ቀንሶ።

ኪውቢት ማለት በሁለት ደረጃዎች መካከል ሆን ተብሎ የሚመራ የኳንተም ሥርዓት ነው። ኮምፒውተር ለመሆን ብዙ ኪውቢቶች ተሳስረው ስሌት መሥራት አለባቸው። እዚህ እንዲያ ያለ ነገር የለም። የታሰበው ለመለኪያነት ነው። የተነበበውም የብዙ ፕሮቲኖች ድምር ብርሃን እንጂ የአንዲት ሞለኪውል አይደለም። ይህን ልዩነት አለማንሳት ዜናውን ያጋንነዋል።

ተመራማሪዎች ራሳቸው የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣ ይለያያሉ። ለአልማዝ የሚከራከሩት ጥንካሬውን ይጠቅሳሉ። ብርሃኑ አይደክምም፣ ምልክቱ ጎላ ያለ ነው። በ2015 በቻይና ሄፌይ የአንድ ፕሮቲን የስፒን ሬዞናንስ በክፍል ሙቀት የተነበበው በአልማዝ ነው። ለፕሮቲን የሚከራከሩት ደግሞ መጠኑን ያነሳሉ። የዚህ ፕሮቲን ርዝመት 4 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ናኖአልማዞች ግን በአሥር ቤት የሚቆጠር ናኖሜትር ይሆናሉ። ከዚያ በላይ፣ ሕዋሱ ራሱ ፕሮቲኑን በጂን ትእዛዝ ሠርቶ በሚፈለገው ቦታ ያስቀምጠዋል። አልማዝን ከውጭ ማስገባት ግን ግድ ነው። የፕሮቲኑ ድክመት ሌዘር ሲበዛበት ብርሃኑ መክሰሙ ነው። ሁለቱ የሚፎካከሩ ቢመስሉም፣ ለእኔ ሥራቸው የሚለያይ ይመስላል። አልማዝ ከውጭ ለሚለካ መሣሪያ፣ ፕሮቲን ለሕዋስ ውስጥ።

## መጀመሪያ የሚደርሰን የትኛው ነው?

ወደ ጤና ተቋም ቀድሞ የሚቀርበው ከሁሉም ቀላሉ አጠቃቀም ሳይሆን አይቀርም። በ2020 የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቡድን እንደ እርግዝና መመርመሪያ ባለ የወረቀት ስትሪፕ ላይ በተለመደው የወርቅ ናኖቅንጣት ፋንታ ናኖአልማዝ አስገባ። በእንዲህ ያለ ስትሪፕ ትልቁ ጣጣ ወረቀቱ ራሱ በሌዘር ሥር ማብራቱ ነው። የጥቂት ቅንጣቶች ብርሃን በዚያ ውስጥ ይዋጣል። ተመራማሪዎቹ ማይክሮዌቩን ማብራትና ማጥፋት ጀመሩ። የናኖአልማዙ ብርሃን አብሮ ከፍ ዝቅ አለ። የወረቀቱ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ምክንያቱም በማይክሮዌቩ የሚለወጥ እንዲህ ያለ ስፒን የለውም። ከማይክሮዌቩ ጋር የሚወዛወዘውን ብቻ መርጦ ማንበብ ተቻለ።

ከወርቁ ጋር ሲነጻጸር ትብነቱ በመቶ ሺህ እጥፍ ተሻሻለ። 10 ደቂቃ የሚፈጅ የማባዛት ደረጃ ሲጨመርበት ደግሞ የኤችአይቪን አርኤንኤ (የቫይረሱን የዘር መረጃ የሚይዘውን ሞለኪውል) እስከ አንድ ቅጂ ድረስ መለየት ተችሏል። ፍጹም ዜሮ አጠገብ የሚደርስ ቅዝቃዜ አላስፈለገም። ለእያንዳንዱ ስፒን ሰፊ ስሌትም አላስፈለገም። ለጤና ጣቢያ ለመብቃት የሚቀረው አንባቢ መሣሪያውን፣ ማለትም ሌዘሩን፣ ማይክሮዌቩንና ፎቶን መለኪያውን፣ አሳንሶና አርክሶ በአንድ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ነው። የስትሪፑ ዋጋም ከወርቁ ስትሪፕ ብዙ መራቅ የለበትም።